ማሽኑ ኢንፎርሲንግ ላይ ነው፣ ሰርቪሴ ግን ያልታጠረ ነው፦ የኤስኢ ሊኑክስ ፖሊሲ ስጽፍ የትኛውን ልፍቀድ?

ሰርቨር_ጠባቂዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ስለ ኤስኢ ሊኑክስ ነው፣ ማለትም እያንዳንዱ ፕሮግራም ምን መንካት እንደሚችል በሕግ (በፖሊሲ) ስለሚያጥረው የሊኑክስ መከላከያ። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

አንድ ሰርቪስ (ከጀርባ ሁልጊዜ የሚሰራ ፕሮግራም) አለኝ። ስራው ቀላል ነው። በኔትወርክ ሰነድ ይቀበላል፣ ወደ ፒዲኤፍ ይቀይራል፣ ውጤቱን አንድ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል። ፕሮግራሙ እዚሁ መስሪያ ቤታችን ውስጥ የተጻፈ ነው፣ የጻፈውም ልጅ አሁንም አብሮን ይሰራል። ቦታው /ኦፕት/ኮንቭ ስር ነው። በሲስተምዲ (ሰርቪሶችን በሚያስነሳው ፕሮግራም) ይነሳል፣ በሩት (ሙሉ ስልጣን ባለው ዩዘር) ይሰራል። ማሽኑ አልማ ሊኑክስ 9 ነው።

ሶስት ዓመት ሙሉ "ኤስኢ ሊኑክስ በርቷል" ብዬ ሳልሰጋ ኖሬያለሁ። ጌትኢንፎርስ ስል "ኢንፎርሲንግ" ይለኛል፣ ማለትም ፖሊሲው ያልፈቀደውን ይከለክላል። ባለፈው ወር ሌላ ነገር ስፈልግ ፒኤስን (ፕሮሰሶችን የሚዘረዝረውን ትዕዛዝ) ሌብል ጭምር እንዲያሳይ ከትልቁ ዜድ ጋር አስኬድኩት። ሌብል ማለት ኤስኢ ሊኑክስ በየፕሮሰሱና በየፋይሉ ላይ የሚለጥፈው ምልክት ነው፤ ዋናው ክፍሉ ታይፕ ይባላል፣ የፕሮሰስ ሲሆን ደግሞ ዶሜይን። የኔ ሰርቪስ ሌብል "አንኮንፋይንድ_ሰርቪስ_ቲ" ይላል። ያልታጠረ ማለት ነው። ደግሜ አነበብኩት። ሌላው ሁሉ ታጥሯል። ከማያውቀው ሰው የመጣ ፋይል የሚከፍተው ፕሮግራም ግን ከአጥሩ ውጭ ነው። በዚያ ላይ በሩት።

ስለዚህ ሴፖሊሲ ጄኔሬትን (የፖሊሲ ረቂቅ የሚሰራውን መሳሪያ) በ"ኢኒት" አማራጩ አስኬድኩ። አምስት ፋይል ሰራልኝ። ዋናው ፋይል ውስጥ "ፐርሚሲቭ ኮንቭ_ቲ" የሚል መስመር አለ። ኮንቭ_ቲ የሰርቪሴ አዲሱ ዶሜይን ነው። ማሽኑ እንደታጠረ ይቆያል፣ የኔ ሰርቪስ ብቻ ሳይከለከል ይመዘገባል። ስምንት ቀን ተውኩት። ከዚያ ኦዲት ሎጉን (ክልከላዎች የሚመዘገቡበትን ፋይል) ለኦዲት-ቱ-አላው (ከመዝገቡ የፈቃድ መስመሮች ለሚጽፈው መሳሪያ) ሰጠሁት።

ያወጣው ዝርዝር አስፈራኝ። ዳክ_ኦቨርራይድ የሚባል የሩት ስልጣን ይሰጠው ይላል። ዩኤስአር_ቲ የሚል ሌብል ያላቸው ፋይሎች ላይ ይጻፍ ይላል። ቲኤምፒ_ቲ (የጊዜያዊ ፋይሎች ሌብል) ውስጥ ይፍጠር ይላል። የኔ ፖርት 7410 ብቻ ሆኖ ሳለ አንሪዘርቭድ (ያልተመደቡ) የሚባሉትን ፖርቶች በሙሉ ይያዝ ይላል። አድሚን_ሆም_ቲ ያንብብ፣ ሼል (ትዕዛዝ ተቀባዩን ፕሮግራም) ያስነሳ፣ የሌሎች ፕሮሰሶችን መረጃ ሁሉ ይይ ይላል።

ሁሉንም ብቀበል ሰርቪሱ ይሰራል። መሞከሪያ ማሽን ላይ አድርጌ አይቼዋለሁ። ግን እንደዚያ ከሆነ ያጠርኩት ምኑን ነው? እናንተ ፊት ለፊታችሁ እንዲህ ያለ ዝርዝር ሲመጣ የትኛውን ተቀብላችሁ የትኛውን ትመልሳላችሁ?


የሌሊት_ተረኛ

እህቴ፣ ዝርዝሩን ከመጫንሽ በፊት መጠየቅሽ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ከመጫኔ በፊት አልጠየቅኩም።

የመጀመሪያዬ ፖሊሲ ባክአፕ ለሚቀበል ሰርቪስ ነበር። ኦዲት-ቱ-አላው ያለኝን በሙሉ ጫንኩ። ሰርቪሱ ያለ ችግር ሰራ፣ ሰዉም አመሰገነኝ። ከወራት በኋላ ሴሰርች የሚለውን መሳሪያ ተማርኩና ይሄ ዶሜይን የት የት መጻፍ እንደሚችል ጠየቅኩት። መልሱን ሳይ ደነገጥኩ። ከከለከልኩት ይልቅ የፈቀድኩት ይበልጣል። ያን ቀን የገባኝ ነገር ይሄ ነው፦ መሳሪያው ፕሮግራሙ ያደረገውን ነው የሚጽፈው። ማድረግ የሚገባውን ከየት ያውቃል? እሱን የምታውቂው አንቺ ነሽ።

ስለዚህ አሁን ሎጉን ከማየቴ በፊት የሰርቪሱን ስራ በሶስት አራት መስመር እጽፋለሁ። ያንቺን ራስሽ ጽፈሽዋል፦ በአንድ ፖርት ይቀበላል፣ ይቀይራል፣ አንድ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል። ከዚያ እያንዳንዱን መስመር ከዚህ ጋር አስተያዪው።

ከሁሉም በፊት ዩኤስአር_ቲን መልሺ። እዚህ ላይ አትደራደሪ። የሎግ ፎልደርሽ /ኦፕት/ኮንቭ ውስጥ ነው ብዬ እገምታለሁ። ኦፕት ስር ያለ ፋይል ሌላ ካልተባለ ሌብሉ ዩኤስአር_ቲ ነው። የዩኤስአር ፎልደርም አብዛኛው ይዘት ያንኑ ሌብል ይዟል። አንቺ ሎግ እንዲጽፍ ፈቀድኩ ስትዪ፣ ፖሊሲው ግን የሌሎች ፕሮግራሞችን ፋይል ጭምር እንዲጽፍ ፈቅዷል። ኤስኢ ሊኑክስ የሚያየው ሌብል እንጂ የፎልደር ስም አይደለም። ሎጉን ወደ /ቫር/ሎግ/ኮንቭ አውጪው፣ ኮንቭ_ሎግ_ቲ የሚል የራሱን ታይፕ ስጪው። ታይፑን ስታውጂ ደግሞ ሎጊንግ_ሎግ_ፋይል በሚለው ማክሮ (ዝግጁ የሕጎች ጥቅል) አውጂው። አለበለዚያ ሎግሮቴት (ያረጁ ሎጎችን የሚያነሳው ፕሮግራም) የራሱ ዶሜይን ስላለው ሎግሽን መንካት አይችልም። ይሄ የሚታወቅሽ ዲስኩ ሲሞላ ነው።

አሁን ወደ ዳክ_ኦቨርራይድ። እዚህ ጋ ቀስ እንበል፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው።

አንድ ፕሮሰስ ፋይል ሲከፍት ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) መጀመሪያ የሚያየው ተራውን ፈቃድ ነው። ባለቤቱ ማነው? ግሩፑ ማነው? ሲኤችሞዱ (የማንበብና የመጻፍ ፈቃድ ቁጥሩ) ስንት ነው? ይሄ ካለፈ በኋላ ነው የፋይሉ ሌብል የሚታየው። ሰርቪስሽ ሩት ነው። ፎልደሩ ግን የሌላ ዩዘር ነው እንበል፣ ፈቃዱም 0700፣ ማለትም ለባለቤቱ ብቻ። ሩት ባለቤቱ አይደለም፣ ግሩፑም ውስጥ የለም። በተራው ፈቃድ ወደቀ ማለት ነው። ያኔ "እኔ ሩት ነኝ፣ ይሄ አይመለከተኝም" የሚያሰኘውን ስልጣን ይመዛል። የዚያ ስልጣን ስም ነው ዳክ_ኦቨርራይድ። ኤስኢ ሊኑክስም "ይሄ ዶሜይን ይሄን ስልጣን መምዘዝ ይችላል?" ተብሎ ይጠየቃል።

እና መፍትሄው መፍቀድ አይደለም። የፋይሉን ባለቤትነት ማስተካከል ነው። ሰርቪሱን ከሩት አውጪው። ኮንቭ የሚባል የራሱ ዩዘር ፍጠሪለት፣ ዩኒት ፋይሉ (የሲስተምዲ የሰርቪስ መግለጫ) ላይ በዚያ ዩዘር ይነሳ በዪ። ፖርት 7410 ከ1024 በላይ ስለሆነ ለመያዝ ሩት አያስፈልገውም። ሰነድ የሚያስገባው ዩዘርና ኮንቭ አንድ ግሩፕ ይጋሩ፣ ፎልደሩ 2770 (ለባለቤቱና ለግሩፑ ብቻ፣ አዲስ ፋይልም ያንኑ ግሩፕ የሚወርስበት) ይሁን። መስመሩ በራሱ ይጠፋል።

አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ። የዳክ_ኦቨርራይድ መዝገብ የትኛው ፋይል ላይ እንደሆነ አይነግርሽም። መንገዱን ለማየት አንድ የኦዲት ሕግ መኖር አለበት። በኦዲትሲቲኤል /ኢቲሲ/ሻዶው ላይ የሚጻፍ ነገር ይመዝገብ የሚል ሕግ ጨምሪና ስራውን ድገሚው። ከመዝገቡ አጠገብ "ፓዝ" የሚል ሌላ መስመር ይመጣል፣ እዚያ ላይ ፋይሉ ተጽፏል። ሲያልቅ ሕጉን አጥፊው። ሻዶው ፋይል ከችግርሽ ጋር ግንኙነት የለውም። ማንኛውም ሕግ ሲኖር ከርነሉ የፋይል መንገድ መያዝ ስለሚጀምር ብቻ ነው።

የቀረው ይቀላል። ለፖርቱ ኮንቭ_ፖርት_ቲ የሚል ታይፕ ፍጠሪ፣ በሴማኔጅ 7410ን ለሱ ስጪው፣ ያንን ብቻ ፍቀጂ። ለጊዜያዊ ፋይሎቹ ኮንቭ_ቲኤምፒ_ቲ ይኑረው፣ ቲኤምፒ ውስጥ ሲፈጥር በራሱ ያንን ሌብል እንዲይዝ የሚያደርግ ማክሮ አለ፣ ፋይልስ_ቲኤምፒ_ፋይልትራንስ ይባላል። አድሚን_ሆም_ቲ ማለት የሩት ቤት ፎልደር ነው። መቼም ሰነድ ቀያሪ እዚያ ጉዳይ የለውም። የሆነ ሰው አንድ ፋይል /ሩት ውስጥ አዘጋጅቶ በኤምቪ አምጥቶት ይሆናል። ኤምቪ ፋይሉን ከነሌብሉ ነው የሚያዛውረው። ሲፒ (ኮፒ) ቢሆን ኖሮ የሚያርፍበትን ፎልደር ሌብል ይይዝ ነበር። ሪስቶርኮን (ትክክለኛውን ሌብል የሚመልሰውን ትዕዛዝ) በዪው፣ ያልቃል።

ሼሉንና የፕሮሰሶቹን ነገር ግን ከጻፈው ልጅ ጋር ተቀምጠሽ እዪው። ፖሊሲ ብቻውን አይመልሰውም።


ዩኒት_ፋይል

ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፣ እኔን ሁለት ቀን ያባከነኝ ነው።

ዩኒት ፋይልሽ ላይ "ኖኒውፕሪቪሌጅስ" የሚለው (ፕሮሰሱ አዲስ ስልጣን እንዳያገኝ የሚያግደው አማራጭ) በርቶ እንደሆነ እዪ። ከበራ ሲስተምዲ ሰርቪሱን ሲያስነሳ ወደ ኮንቭ_ቲ መሸጋገሩ ሊከለከል ይችላል። ሰርቪሱ ይነሳል፣ ይሰራል። ግን በኢኒት_ቲ (በሲስተምዲ በራሱ ዶሜይን) ውስጥ ሆኖ ነው የሚሰራው። ፖሊሲሽ እዚያው ተጭኖ ይቀመጣል፣ የሚያጥረው ነገር የለም።

ከከርነል 4.14 ጀምሮ ለዚህ የተለየ ፈቃድ አለ፣ ኤንኤንፒ_ትራንዚሽን ይባላል። በፌዶራና በሬድ ሃት ቤተሰብ (አልማም ከዚያ ነው) ፖሊሲ ውስጥ ኢኒት_ኤንኤንፒ_ዴሞን_ዶሜይን የሚል ማክሮ ይሰጥሻል። ሌላው የሚያሳስተው ደግሞ ይሄ ነው፦ ሰርቪሱን ከሩት ካወጣሽው በኋላ እንደ ሲስተም ኮል ፊልተር (ፕሮግራሙ ከርነሉን የሚጠይቀውን የሚያጣራ) ያሉትን ገደቦች ስትጨምሪ፣ ኖኒውፕሪቪሌጅስን ሳትጽፊው ራሱ ይበራል። ስለዚህ ዩኒቱን በነካሽ ቁጥር ፒኤስን በትልቁ ዜድ አይተሽ አረጋግጪ።


የኡቡንቱ_ሰው

ሰላም። እኔ አፕአርሞር (ኡቡንቱ ላይ ያለው ተመሳሳይ መከላከያ) ላይ ነኝ፣ ስለዚህ የሌብሉን ነገር ከውጭ ሆኜ ነው የማየው። አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ከልቤ ነው። ይሄ ሁሉ ልፋት አስፈላጊ ነው? አፕአርሞር ላይ ፕሮፋይሉ ውስጥ የፎልደሩን መንገድ ጽፌ "እዚህ ማንበብ፣ እዚያ መጻፍ" እላለሁ። ኮምፕሌይን ሞድ (የሚመዘግብ ግን የማይከለክል) ላይ አድርጌ፣ ሎጉን በኤኤ-ሎግፕሮፍ አይቼ፣ ኢንፎርስ አደርገዋለሁ። ለአንድ ሰርቪስ ግማሽ ቀን ይበቃኛል። ወይም ደግሞ ሰርቪሱን ኮንቴይነር (ፕሮግራሙን ከሌላው ነጥሎ የሚያስኬድ ሳጥን) ውስጥ ብታስገቢውስ?


የሌሊት_ተረኛ

ጥያቄህ ተገቢ ነው ወንድሜ። ኤስኢ ሊኑክስና አፕአርሞር ሁለቱም ከርነሉ ውስጥ በአንድ በር (በኤልኤስኤም፣ የደህንነት ሞጁሎች መግቢያ) ነው የሚገቡት። ኤስኢ ሊኑክስ ከአሜሪካ ብሔራዊ ደህንነት ኤጀንሲ ወጥቶ በፈረንጆቹ 2000 መጨረሻ ለሕዝብ ተለቀቀ፣ በ2003 ከ2.6 ከርነል ጋር ገባ። አፕአርሞር በ2010 በ2.6.36 ገባ። እሷ ኡቡንቱ ላይ ብትሆን እኔም አፕአርሞር ተጠቀሚ እላት ነበር። ከማሽኑ ጋር የሚመጣውንና የሚጠበቀውን መጠቀም ይሻላል።

ግን ያንተም ኤኤ-ሎግፕሮፍ ያው ጥያቄ ነው የሚያቀርብልህ። "ይሄን ልፍቀድ?" ይልሃል። ዝም ብለህ "አዎ" ካልክ እዚያው ነን። ግማሽ ቀኑ ወይም ሁለት ቀኑ የሚያልፈው መሳሪያው ላይ አይደለም። ፕሮግራሙ ለምን እንደዚያ እንደሚያደርግ በመጠየቅ ነው የሚያልፈው።

ኮንቴይነሩም ጥሩ ነው። ሬድ ሃት ቤተሰብ ላይ ግን ኮንቴይነሩ ራሱ ኮንቴይነር_ቲ በሚል ዶሜይን ነው የሚታጠረው። ከኤስኢ ሊኑክስ አታመልጥም፣ ሌላ ሰው የጻፈልህን ፖሊሲ ትጠቀማለህ። ያ ፖሊሲ ደግሞ ለማንኛውም ፕሮግራም እንዲሆን ሰፋ ተደርጎ የተጻፈ ነው። የሷ ሰርቪስ የሚያስፈልገው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው።


ሰርቨር_ጠባቂዋ

ተመልሻለሁ። ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሆነውን ልንገራችሁ፣ ሌላ ሰው ቢያገኘው ይጠቅመዋል።

መጀመሪያ የራሴን ስህተት። ለውጤቱ ፎልደር ኮንቭ_ዳታ_ቲ የሚል ታይፕ ሰጥቼ ሪስቶርኮን አደረግኩ። ሰርቪሴ ፐርሚሲቭ ስለሆነ ምንም አይበላሽም ብዬ ነበር። በደቂቃ ውስጥ ሰዎች ፒዲኤፍ ማውረድ አልቻልንም ብለው ጠሩኝ። ያንን ፎልደር ለሰው የሚያቀርበው ኤንጂንኤክስ (የድረ ገጽ ሰርቨሩ) ነው። እሱ በኤችቲቲፒዲ_ቲ ዶሜይን ነው የሚሰራው፣ ያ ዶሜይን ደግሞ ኢንፎርሲንግ ላይ ነው። ፎልደሩ ድሮ የድረ ገጽ ሌብል ነበረው። እኔ ሌብሉን ስቀይር በሩን የዘጋሁት ጎረቤቱ ላይ ነው። ሁሉም 403 (ክልክል ነው)። ፐርሚሲቭ የሚያደርገው ዶሜይኑን እንጂ ፋይሉን አለመሆኑን አነብ ነበር፣ ግን አልገባኝም ነበር። አሁን ኮንቭ_አውት_ቲ የሚል ሌላ ታይፕ አለኝ፦ ሰርቪሴ ይጽፍበታል፣ ኤንጂንኤክስ ማንበብ ብቻ ይችላል። ገና ያልተቀየሩት ጥሬ ሰነዶች ግን በኮንቭ_ዳታ_ቲ ናቸው። ኤንጂንኤክስ ከእንግዲህ አያያቸውም። ድሮ ያያቸው ነበር። ይሄን ሳስብ ደስም አለኝ፣ ደነገጥኩም።

ዳክ_ኦቨርራይድ እንዳላችሁት ነበር። በሻዶው ዘዴ ፋይሉን አገኘሁት። የመግቢያው ፎልደር 0700 ነበር። ሰርቪሱ አሁን በኮንቭ ዩዘር ይሰራል፣ መስመሩ ጠፍቷል።

አድሚን_ሆም_ቲ የፒዲኤፍ ቴምፕሌት ሆኖ ተገኘ። ከዓመት በፊት እኔው ራሴ በኤምቪ ያመጣሁት ነው።

ኖኒውፕሪቪሌጅስ በርቶ ነበር! ዩኒት_ፋይል፣ አንተ ባትናገር ኖሮ ፖሊሲው በትክክል እየሰራ ነው ብዬ እቀመጥ ነበር። ከሩት ባወጣሁት ማግስት አንዳንድ ገደብ ጨምሬ ነበር፣ ፒኤስ ስል ኢኒት_ቲ ይላል። ማክሮውን ጨመርኩ፣ አሁን ኮንቭ_ቲ ነው።

የሼሉ ነገር ነው ረጅም ጊዜ የወሰደው። ከጻፈው ልጅ ጋር ተቀመጥን። ፕሮግራሙ መቀየሪያውን የሚጠራው በሼል በኩል ነው፣ የፋይሉን ስም ከትዕዛዙ ጋር አገጣጥሞ። የፋይሉ ስም ከውጭ ነው የሚመጣው። ሁለታችንም ለአፍታ ዝም አልን። ስሙ ውስጥ ሴሚኮለንና ሌላ ትዕዛዝ ቢኖርበትስ? መሞከሪያው ማሽን ላይ ሞከርነው፣ ሰራ። ማለትም ማንም ሰው በፋይል ስም ብቻ ማሽኑ ላይ ትዕዛዝ ማስኬድ ይችል ነበር፣ ያውም በሩት። ልጁ ያን ቀን ቤቱ አልሄደም፣ ኮዱን አስተካክሎ መቀየሪያውን ያለ ሼል በቀጥታ እንዲጠራ አደረገው። ሼል የሚለው መስመር ከዝርዝሩ ወጣ። የፕሮሰሶቹም መስመር አብሮ ወጣ፦ "ሌላ ኮንቭ እየሰራ ነው?" ብሎ ለማወቅ የሁሉንም ፕሮሰስ ያስስ ነበር። ይሄንን ሲስተምዲ ራሱ ስለሚያውቀው ኮዱ ተሰረዘ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። አሁን ለአስር ቀን አንድም አዲስ ክልከላ አልተመዘገበም። ፐርሚሲቩን ላንሳ?


የሌሊት_ተረኛ

የፋይል ስሙን ነገር ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እንኳን አንቺ አገኘሽው።

ከማንሳትሽ በፊት አንድ ነገር ጠይቂ፦ ሰርቪሱ በወር አንዴ ብቻ የሚሰራው ነገር አለ? ሎግሮቴት በሳምንት ይመጣል፣ አይተሽዋል። የወር መጨረሻ ስራ ካለ አስር ቀን አያሳይሽም። ወሩ ይሙላ። በዚያ መሃል አንድ ጊዜ ሴሞጁልን (የፖሊሲ ሞጁል መጫኛውን ትዕዛዝ) በትልቁ ዲና ቢ አስኬጂው፣ ዶንትኦዲት (ተከልክለው እንዳይመዘገቡ) የተባሉት ሁሉ ሎግ ላይ ይወጣሉ። ሎጉ ይጥለቀለቃል፣ አትደንግጪ። አይተሽ ስትጨርሺ በቢ ብቻ መልሺው።

ያው ለወደፊቱ ደግሞ፦ ሰርቪሱ "ፐርሚሽን ዲናይድ" ብሎ ኦዲት ሎጉ ላይ ምንም ከሌለ፣ መጀመሪያ ሲኤችሞዱን እዪ። ከሩት ስለወጣ ተራው ፈቃድ አሁን እሱንም ይመለከተዋል። ሌብል በሲኤችኮን (ሌብልን በእጅ በሚቀይረው ትዕዛዝ) አታስተካክዪ፣ የሚቀጥለው ሪስቶርኮን ያጠፋዋል። የሞጁሉ የኤፍሲ ፋይል (የትኛው መንገድ የትኛውን ሌብል እንደሚይዝ የሚዘረዝረው) ውስጥ ይጻፍ።


ሰርቨር_ጠባቂዋ

ወሩ ሞላ። በመጀመሪያው ቀን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሁለት ክልከላ ተመዝግቧል።

አንደኛው፣ ሰርቪሱ ወደ ኤስኤምቲፒ ፖርት ሊገናኝ ሞክሯል። የወሩ ሪፖርት በኢሜይል ይላካል፣ ስራው ነው። ፈቀድኩ፣ ለዚያ ፖርት ታይፕ ብቻ።

ሁለተኛው፣ የሆነ ሰው ቤት ፎልደር ውስጥ ያለ ፋይል ለማንበብ ሞክሯል። ልጁን ጠየቅኩት። ሪፖርቱን መጀመሪያ ሲጽፍ ከራሱ ፎልደር የሙከራ ዝርዝር ያነብ ነበር፣ ያ መስመር ኮዱ ውስጥ ተረስቶ ቀርቷል። ሰረዘው። እኔም ትናንት ማታ "ፐርሚሲቭ ኮንቭ_ቲ" የሚለውን መስመር ሰርዤ ሞጁሉን እንደገና ጫንኩት። ዛሬ ጠዋት 214 ሰነድ ተቀይሯል፣ ኦዲት ሎጉ ላይ ከኮንቭ_ቲ የመጣ ክልከላ የለም።